ዊንዶውስ 11 «አይሆንም» ባለው ኮምፒውተር ላይ እንዴት ይጫናል?

ዕቃውን አንድ በአንድ መርጣችሁ በእጃችሁ የገጣጠማችሁት ኮምፒውተር አለ። ፕሮሰሰሩ አልደከመም፣ ራሙ 16 ጊጋባይት ነው፣ ኤስኤስዲውም ጤነኛ ነው። ዊንዶውስ 11 ልትጭኑ ስትሞክሩ ግን ኮምፒውተራችሁ መስፈርቱን አያሟላም የሚል መልእክት ይመጣና ነገሩ እዚያው ያበቃል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል።

ይህ መልእክት ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን በአንድ ቃል ነው የሚናገረው። አንዱ «ዕቃው የላችሁም» ማለት ነው። ሌላው ደግሞ «ዕቃው አላችሁ፣ ግን ጠፍቷል» ማለት ነው። ተገጣጥሞ የሚሸጥ ኮምፒውተር ሲሆን ማብሪያውን አምራቹ አስቀድሞ ይነካዋል። በእጅ የተገጣጠመው ላይ ግን ማዘርቦርዱ ከካርቶኑ እንደወጣ ይቀራል፤ በተለይ ከ2021 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ከሆነ። ስለዚህ መስፈርቱን ዘሎ ማለፊያ መንገድ ከመፈለጋችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ ለዩ።

ደረጃ 1፦ ያላችሁን ዕወቁ

ማይክሮሶፍት የሚጠይቀው ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ፣ ዩኢኤፍአይ ባዮስ ከሴኪዩር ቡት ጋር፣ እንዲሁም ቲፒኤም 2.0 ነው። ባዮስ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም ነው፤ አዲሱ ዓይነት ዩኢኤፍአይ ይባላል። ሴኪዩር ቡት ሲነሳ ያልታመነ ፕሮግራም እንዳይገባ ይከለክላል። ቲፒኤም የምስጢር ቁልፎችን የሚጠብቅ የደኅንነት ክፍል ነው። አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው በመጨረሻዎቹ ሁለትና በፕሮሰሰሩ ዝርዝር ላይ ነው።

የዊንዶውስ ፍለጋ ውስጥ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ብላችሁ ክፈቱ። የፕሮሰሰሩን ስም፣ «ባዮስ ሞድ» የሚለውን (ዩኢኤፍአይ ወይም ሌጋሲ፣ ማለትም አሮጌው፣ ይላል) እና የሴኪዩር ቡትን ሁኔታ ጻፉ። የማይክሮሶፍቱ «ፒሲ ሄልዝ ቼክ» ደግሞ የጎደለውን በስሙ ይነግራችኋል። ከዚያ ኮምፒውተራችሁ ከሚከተሉት ወደ አንዱ ይወድቃል።

ኢንቴል 8ኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ፣ ወይም የኤኤምዲ ራይዘን 2000 እና ከዚያ ወዲህ ከሆነ፣ ምንም ማለፊያ አያስፈልጋችሁም፤ ችግሩ ባዮስ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ራይዘን 2200ጂ እና 2400ጂ ስማቸው በ2000 ቢጀምርም ውስጣቸው ዜን የሚባለው የኤኤምዲ ንድፍ የመጀመሪያው ትውልድ ስለሆነ ዝርዝሩ ላይ የሉም።

ኢንቴል 6ኛና 7ኛ ትውልድ ወይም ራይዘን 1000 ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩ ከጥቂት በስተቀር ዝርዝሩ ላይ የለም፤ ቲፒኤሙን ግን ብዙ ጊዜ ማብራት ይቻላል።

ከዚያ የቆየ፣ ከመጀመሪያው ኮር አይ ትውልድ እስከ 5ኛው ያለው፣ ቲፒኤም 2.0 አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ያም ቢሆን ይጫናል።

ኮር 2 ዱኦ (ከኮር አይ የቀደመው የኢንቴል ፕሮሰሰር) ከሆነ ግን እዚህ ላይ አቁሙ። 24ኤች2 ከሚባለው የዊንዶውስ 11 ቅጂ ጀምሮ ዊንዶውሱ ራሱ «ፖፕካውንት» የሚባል የፕሮሰሰር ትእዛዝ ይፈልጋል። ይህ መፈተሻ ላይ የተጻፈ ክልከላ አይደለም፣ ፕሮሰሰሩ የማያውቀው ሥራ ነው፤ ስለዚህ የትኛውም ዘዴ አያሳልፈውም። እንዲህ ላለው ቀላል የሊነክስ ስርጭት ይሻለዋል።

«ታዲያ ፈጣኑ 6ኛ ትውልዴ ለምን ተባረረ?» ትሉ ይሆናል። እኔም ዝርዝሩ የግብይት ዘዴ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ እውነተኛ ምክንያት ግን አለ። ዊንዶውስ 11 «ሜሞሪ ኢንተግሪቲ» የሚባል መከላከያ አለው፤ ወደ ዊንዶውሱ እምብርት የሚገባውን ኮድ ይፈትሻል። ይህን ሥራ የሚያቀልል ክፍል በኢንቴል በኩል ከ7ኛው ትውልድ፣ በኤኤምዲ በኩል ከዜን 2 ጀምሮ በፕሮሰሰሩ ውስጥ አለ። ከዚያ በፊት ያሉት ያንኑ በሶፍትዌር ማስመሰል አለባቸው፣ ያ ደግሞ ፍጥነት ይበላል። ምክንያቱ ግን ዝርዝሩን ሙሉ በሙሉ አያስረዳም፤ 7ኛው ትውልድ ክፍሉ እያለው ተባሯል፣ ዜን ፕላስ (የራይዘን 2000 ንድፍ) ሳይኖረው ተፈቅዶለታል።

ደረጃ 2፦ ፋይላችሁን አውጡ

ፎቶ፣ ሰነድ፣ የብራውዘር የይለፍ ቃል፣ ሁሉንም ወደ ውጭ ዲስክ ቅዱ። ዲስካችሁ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ ባዮስ ከመንካታችሁ በፊት የመክፈቻ ቁልፉን (48 አሃዝ ነው) ወረቀት ላይ ጻፉት። የቲፒኤም ቅንብር ሲቀየር ዊንዶውስ ቁልፉን መጠየቁ አይቀርም፤ ያኔ ቁልፉ የተቀመጠው በዚያው በተቆለፈው ዲስክ ላይ ከሆነ አበቃ።

ደረጃ 3፦ ባዮስ

ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዴሊት ወይም ኤፍ2 እየደጋገማችሁ ተጫኑ። ኢንቴል ከሆነ «ፒቲቲ»፣ ኤኤምዲ ከሆነ «ኤፍቲፒኤም» የሚለውን ፈልጉና አብሩ። ብዙ ጊዜ «ሴኪዩሪቲ» ወይም «አድቫንስድ» በሚለው ክፍል ስር ይገኛል። ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ የቲፒኤም ቁራጭ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ይበቃል። ካላገኛችሁት መጀመሪያ የማዘርቦርዱን ባዮስ ከአምራቹ ገጽ በወረደ አዲስ ቅጂ አድሱ።

ራይዘን ያላችሁ ባዮሱን በማንኛውም ሁኔታ ብታድሱ ይሻላል። ኤፍቲፒኤም ሲበራ ኮምፒውተሩ አልፎ አልፎ ለቅጽበት ይንተባተብ ነበር፤ ድምፅም ምስልም ይቆራረጣል። ኤኤምዲ ራሱ በ2022 እ.ኤ.አ. አምኖ፣ አጌሳ 1.2.0.7 በሚባለው የባዮስ መሠረት ላይ አስተካክሎታል።

ቀጥሎ ሴኪዩር ቡት። እሱ እንዲበራ «ሲኤስኤም» የሚባለው፣ የድሮውን የባዮስ ዘመን አነሳስ የሚያስመስለው አማራጭ መጥፋት አለበት። ሲኤስኤምን ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር አረጋግጡ።

አንደኛው ዲስኩ ነው። «ባዮስ ሞድ» ሌጋሲ ካለ ዲስኩ የተከፋፈለው በአሮጌው ኤምቢአር ሥርዓት ነው፣ ሲኤስኤም ሲጠፋም ያለው ዊንዶውስ አይነሳም። ሁሉንም ደምስሳችሁ አዲስ ልትጭኑ ከሆነ ግድ የለም። ያለውን ይዛችሁ ማሳደግ ከፈለጋችሁ ግን ከዊንዶውስ 10 ጋር አብሮ የሚመጣው «ኤምቢአር2ጂፒቲ» ፋይል ሳያጠፋ ጂፒቲ ወደሚባለው አዲሱ የክፍፍል ሥርዓት ይቀይረዋል። በአድሚን ፈቃድ በተከፈተ የትእዛዝ መስኮት መጀመሪያ «ቫሊዴት» በሚለው አስፈትሹት፣ ካለፈ በ«ኮንቨርት» ቀይሩት፤ ዊንዶውሱ እየሠራ ሳለ ስለምታደርጉት «አላው ፉል ኦኤስ» የሚለውንም ጨምሩ። ዲስኩ ላይ ከሦስት በላይ ዋና ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ካለ ግን አይሆንም። ሲጨርስ ሪስታርት አድርጋችሁ በቀጥታ ባዮስ ግቡ።

ሁለተኛው ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ይህን የተማርኩት ተቀጥቼ ነው። አሮጌ ካርድ ባለበት ማሽን ላይ ሲኤስኤምን አጠፋሁ፣ አስቀመጥኩ፣ ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ባዮሱ ራሱ አይታይም። ከ2012 እ.ኤ.አ. በፊት የወጡ ካርዶች አብዛኞቹ ለዩኢኤፍአይ የሚሆን የማሳያ ኮድ ውስጣቸው የለም። ይህ ከደረሰባችሁ ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ካለው የስክሪኑን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ፤ ከሌለው ኤሌክትሪኩን ነቅላችሁ የማዘርቦርዱን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጡ፣ ባዮሱ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። እንዲህ ያለ ካርድ ካላችሁ ሴኪዩር ቡትን ተዉት።

ማብራት እየቻሉ መስፈርቱን ዘሎ ማለፍ ግን «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» ነው። ቫሎራንትን የመሰለ ጨዋታ በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0ንና ሴኪዩር ቡትን ራሱ ይጠይቃል፤ የዊንዶውሱን መፈተሻ ብታልፉ ጨዋታው ይመልሳችኋል።

ደረጃ 4፦ ፍላሹን አዘጋጁ

ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሆነ ፍላሽ ያስፈልጋል፤ ያለበት ሁሉ ይጠፋል። የዊንዶውስ 11 አይሶ ፋይሉን (ሙሉ መጫኛው በአንድ ፋይል ነው) ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርዱ። «የተስተካከለ»፣ «የቀለለ» እየተባለ በሰው እጅ የሚዞረውን አይሶ አልመክርም፤ ውስጡ ምን እንደተጨመረ ማየት አትችሉም።

ከዚያ «ሩፉስ» የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አምጡ፤ 4.6 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ፍላሹንና አይሶውን ምረጡ፣ የክፍፍሉን ዓይነት ጂፒቲ አድርጉ (ሲኤስኤም ላይ ለሚቀረው አሮጌ ማሽን ኤምቢአር)፣ ጀምር በሉት። ያኔ አማራጮች ያሉበት ትንሽ መስኮት ይወጣል። ማለፊያ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ የ4 ጊጋባይት ራም፣ የሴኪዩር ቡትና የቲፒኤም 2.0 መስፈርትን የሚያነሳው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ። ከስሩ ያለው፣ ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት በራሳችሁ ስም ለመግባት የሚያስችለው አማራጭ እንደ ምርጫችሁ ነው፤ እኔ አደርገዋለሁ።

ደረጃ 5፦ ሁለት ትናንሽ ዝግጅቶች

የማዘርቦርዱን የኔትወርክ ድራይቨር፣ ገመድም ይሁን ዋይፋይ፣ አውርዳችሁ ሌላ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። አዲሱ ዊንዶውስ ኔትወርክ ካርዱን ካላወቀው ድራይቨሩን ከየት ታወርዳላችሁ?

ከአንድ በላይ ዲስክ ካለ፣ ዊንዶውስ ከሚጫንበት በስተቀር የሌሎቹን ገመድ ንቀሉ። ጫኚው የማስነሻ ፓርቲሽኑን ሳይጠይቅ ሌላኛው ዲስክ ላይ የሚያስቀምጥበት ጊዜ አለ። ከወራት በኋላ ያንን «ትርፍ» ዲስክ ነቅላችሁ ስትወስዱ ኮምፒውተሩ አይነሳም፣ ምክንያቱንም ለማወቅ ግማሽ ቀን ይወስዳል።

ደረጃ 6፦ መጫን

አዲስ ለሚጭን፦ ፍላሹን ሰክታችሁ ኮምፒውተሩ ከየት እንደሚነሳ መምረጫውን ክፈቱ፤ እንደ ማዘርቦርዱ ኤፍ8፣ ኤፍ11 ወይም ኤፍ12 ነው። ፍላሹ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ካያችሁ «ዩኢኤፍአይ» የሚል የተቀደመለትን ምረጡ፤ ሌላው ወደ አሮጌው መንገድ ይወስዳችኋል። ቁልፍ ሲጠይቅ «ቁልፍ የለኝም» በሉና ቀደም ሲል የነበራችሁን ዓይነት፣ ሆም ወይም ፕሮ፣ ምረጡ። በዚህ ማዘርቦርድ ላይ ዊንዶውስ 10 በሕጋዊ ፈቃድ ይሠራ ከነበረ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ያውቀዋል። የዲስኩን ፓርቲሽኖች ሁሉ ሰርዙና ባዶውን ቦታ መርጣችሁ ቀጥሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሪስታርት ሲያደርግ ፍላሹን ንቀሉት፣ አለዚያ ከመጀመሪያው ሊጀምርላችሁ ይችላል።

ያለውን ለሚያሳድግ፦ ዊንዶውስ 10 ውስጥ ሆናችሁ ፍላሹን ክፈቱና «ሴትአፕ»ን አስነሱ። ፋይልና ፕሮግራም ይቆይ የሚለው መመረጡን አይታችሁ ቀጥሉ። ካልተመቻችሁ 10 ቀን ውስጥ ከሴቲንግ ወደ ዊንዶውስ 10 መመለስ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ግን የድሮው ቅጂ ይሰረዛል።

ደረጃ 7፦ ከተጫነ በኋላ

ዊንዶውስ አፕዴት አብዛኛውን ድራይቨር ያመጣል። «ዲቫይስ ማናጀር» ውስጥ ቢጫ ምልክት የቀረበት ካለ ከአምራቹ ገጽ የዊንዶውስ 10 ድራይቨሩን ሞክሩ፤ በአብዛኛው ይሠራል።

ቀድሞ ያነሳነው ሜሞሪ ኢንተግሪቲ በርቶ ኮምፒውተሩ ከዘገየባችሁ «ኮር አይሶሌሽን» በሚለው ስር ማጥፋት ይቻላል። ስታጠፉት ግን እውነተኛ መከላከያ እያነሳችሁ ነው፤ መጀመሪያ አብርታችሁም አጥፍታችሁም አንድ ከባድ ሥራ ሞክሩ፣ ልዩነቱ ካልታያችሁ ይብራ።

ደረጃ 8፦ በየዓመቱ የሚመጣው

ማይክሮሶፍት መስፈርቱን ያላሟላ ኮምፒውተር አፕዴት የማግኘት መብት እንደሌለው በግልጽ ጽፏል። በተግባር ወርሃዊው የደኅንነት አፕዴት ሲደርስ ቆይቷል፤ ነገ ቢቀር ግን ለማንም አቤት አይባልም። ስለዚህ እንጀራችሁ የተንጠለጠለበት ማሽን ከሆነ ይህን መንገድ ሁለት ጊዜ አስቡበት።

በየዓመቱ የሚወጣው ትልቁ ቅጂ ግን በራሱ አይመጣም። አንድ ቅጂ ድጋፉ ለሆምና ለፕሮ 24 ወር ብቻ ስለሆነ፣ ጊዜው ሲያልፍ ወርሃዊውም አብሮ ይቆማል። በዓመት አንዴ ሴቲንግ ውስጥ «አባውት» ገብታችሁ የቅጂውን ቁጥር እዩ። አዲስ ወጥቶ ከሆነ ደረጃ 2ንና ደረጃ 4ን ድገሙ፣ ከዚያ እንደ ማሳደግ ሴትአፑን ዊንዶውሱ ውስጥ ሆናችሁ አስነሱት። የዘንድሮው ፍላሽ ለከርሞ አያገለግልም፤ አይሶው የአዲሱ ቅጂ፣ ሩፉሱም በዚያን ጊዜ ያለው የመጨረሻው መሆን አለበት።