ምርኩዝ ዝላይ እንዴት ይታያል? ከዊልማ ሙርቶ ጀምሩ

ስቴዲየም አካባቢ ካሉት ካፌዎች በአንዱ ተቀምጣችሁ የዓለም ሻምፒዮና አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። 10 ሺህ ሜትር ሲመጣ ቤቱ በጩኸት ይሞላል፣ ምርኩዝ ዝላይ ሲመጣ ግን ሁሉም ወደ ስልኩ ያጎነብሳል። እኔ በዚህ እቆጫለሁ፤ በጣም ደስ የሚል ውድድር ነው፣ እንዴት እንደሚታይ ማወቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። አንድ አትሌት ይዛችሁ ጀምሩ። የኔ ምርጫ ፊንላንዳዊቷ ዊልማ ሙርቶ ናት።

መጀመሪያ ሕጉን ያዙ። በተከታታይ ሦስት ጊዜ ያልተሳካላት ትወጣለች። ሦስቱም ግን የግድ አንድ ከፍታ ላይ አይደሉም፤ 4.75 ሜትር ላይ አንዴ የሳተች ቀሪዎቹን ሁለት ሙከራዎች ለ4.80 ማቆየት ትችላለች፣ ጨዋታው የሚጦፈውም እዚህ ላይ ነው። አግዳሚውን መንካት ችግር የለውም፣ እስካልወደቀ ድረስ። ውጤቱን በስልክ ስትከፍቱ ክብ ምልክት ተሳካ ማለት ነው፣ ኤክስ ሳተች፣ ሰረዝ ደግሞ ሳትሞክር ወደሚቀጥለው ከፍታ አለፈች።

ኤክሶቹን በደንብ ቁጠሩ። ሁለት አትሌቶች እኩል ከፍታ ከዘለሉ የሚለያቸው በዚያ ከፍታ ላይ የሳቱት ብዛት ነው፣ እሱም እኩል ከሆነ እስከዚያ ድረስ የሳቱት ድምር። እ.ኤ.አ. በ2022 ሙኒክ በተካሄደው የአውሮፓ ሻምፒዮና ግሪካዊቷ ስቴፋኒዲና ስሎቬኒያዊቷ ሹቴይ ሁለቱም 4.75 ዘለው አንዷ ብር አንዷ ነሐስ ወሰዱ። ሙርቶ 4.85 ዘልላ የፊንላንድን ክብረ ወሰን ይዛ ወርቁን ወሰደች።

አሁን ወደኋላ ተመለሱ። ጥር 2016 ላይ፣ ገና በ17 ዓመቷ፣ ጀርመን ዝዋይብሩክን ውስጥ በቤት ውስጥ ውድድር 4.71 ዘልላ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ ነበር። ከዚያ በኋላ 14 ሴንቲ ሜትር ለመጨመር ስድስት ዓመት ተኩል ፈጀባት። የምርኩዝ ዘላይ ሕይወት እንዲህ ነው፣ በሴንቲ ሜትር ይለካል። ከፍ ለማለት ጠንከር ያለና ረዘም ያለ ምርኩዝ ያስፈልጋል፣ ያንን ምርኩዝ ለማጉበጥ ደግሞ ፍጥነት፤ ፍጥነቱ ካነሰ ምርኩዙ ወደ መጣችሁበት ይመልሳችኋል። ስለዚህ እኛ ሩጫ የምንወድ ሰዎች ዓይናችንን አግዳሚው ላይ ከመትከል ይልቅ መንደርደሪያው ላይ እናድርግ። የመጨረሻዎቹን እርምጃዎች እዩ። ፍጥነቷን ሳትቀንስ ምርኩዙን ጉድጓዱ ውስጥ ከተከለች ዝላዩ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

2023ን ለብቻው እዩት። መጋቢት ላይ ኢስታንቡል በአውሮፓ የቤት ውስጥ ሻምፒዮና 4.80፣ ወርቅ። ነሐሴ ላይ ቡዳፔስት በዓለም ሻምፒዮና ያው 4.80፣ ነሐስ። እዚያ አሜሪካዊቷ ኬቲ ሙንና አውስትራሊያዊቷ ኒና ኬኔዲ 4.90 ላይ በሁሉም ነገር እኩል ሆነው ወርቁን ለመካፈል ተስማሙ፣ ብር የወሰደ የለም። ቁመቱ አንድ ሆኖ ሜዳሊያው የተለያየው ለዚህ ነው፤ ሜዳሊያ ብቻ የሚቆጥር ሰው ግን ወረደች ይላል።

ሰዓቱን አትርሱ። የመካከለኛው አውሮፓ ውድድር በበጋቸው ከኛ አንድ ሰዓት ወደኋላ ነው፣ በክረምታቸው ሁለት። እዚያ ከምሽቱ 8 ሰዓት ሲሉ በነሱ በጋ እኛ ጋ ማታ 3 ሰዓት ነው። ስርጭቱ ወደ ሩጫው መሄዱ ስለማይቀር የውጤት ገጹን ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ አስቀምጡት፣ ሦስተኛ ሙከራ ሲደርስ ደግሞ ካፌው ውስጥ ያሉትን ዝም አሰኟቸው።