ክርክር ላይ ያልተመለሰች ነጥብ እንዳታመልጣችሁ

የትምህርት ቤት ክርክር ላይ ብዙ ጊዜ ፍርዱን የምታዞረው ሌላው ቡድን ሳይመልስ ያለፋት ነጥብ ናት። ማስታወሻችሁን እንደ ክፍል ደብተር ከላይ ወደ ታች ከጻፋችሁ ግን አታገኟትም።

አንድ ኤ4 ወረቀት አግድም አስቀምጡና ርዝመቱን መጀመሪያ ለሦስት፣ ቀጥሎ ለሁለት እጠፉት። ሲዘረጋ 6 ዓምድ ይወጣዋል፤ በወርልድ ስኩልስ አካሄድ (ሁለት ቡድኖች ሦስት ሦስት ተናጋሪ የሚያሰልፉበት የተማሪዎች ክርክር ሥርዓት) ተራ በተራ ለሚነሱት 6 ተናጋሪዎች አንድ አንድ ይደርሳቸዋል። የደጋፊውን በሰማያዊ፣ የተቃዋሚውን በቀይ ጻፉ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር አትሞክሩ፤ 8 ደቂቃ በጥድፊያ የሚያወራን ሰው እጅ አይደርስበትም። «ስልክ ይከልከል - ፈተና ላይ ኩረጃ» ከተባለ ይበቃል። ከአንዱ ነጥብ እስከ ሌላው ሦስት ጣት ያህል ባዶ ተዉ፤ መልሱ ሲመጣ በሚቀጥለው ዓምድ፣ እዚያው ትይዩ ላይ ይገባል። ትይዩው ባዶ ከቀረ አልተመለሰም ማለት ነው። ዓይናችሁ ወዲያው ያየዋል፣ ማስታወስ አይጠበቅባችሁም።

«አልመለሱልንም» ብሎ መቀመጥ ብቻውን አይጠቅምም፤ ነጥቡ ለምን ክርክሩን እንደሚወስን ለዳኛው አስረዱ። ባዶው በእናንተ በኩል ከሆነ ደግሞ ሦስተኛው ተናጋሪያችሁ ይሙላው እንጂ ለ4 ደቂቃው የማጠቃለያ ንግግር አታቆዩት። እዚያ ላይ አዲስ መከራከሪያ አይፈቀድም። በጎን የተወረወረች ምሳሌ ስላልተመለሰች ብቻም አትጩኹ፤ ዳኛው ትዕግሥቱ ያልቃል።