ደግነታቸውን ለማያወሩ እናት የሚሆን የእርሳስ ሥዕል

ደግነታቸውን የማያወሩ ሰዎች ካሜራ ሲያዩ ይጨነቃሉ፤ «እስኪ ፈገግ ይበሉ» ማለት ደግሞ ጭንቀቱን ያባብሰዋል። ፈቃድ ጠይቁና ቡና ሲቀዱ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ አንሷቸው። 2 ሜትር ያህል ራቁ። ስልክ ከፊት ሲጠጋ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ይሸሻል፤ «አልመሰሉም» የሚባለው ሥዕል ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ፎቶው ላይ ነው። ፊታቸው ትንሽ ዞር ይበል እንጂ ሁለቱም ዓይኖች ይታዩ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ በአንድ ዓይን፣ በጎን የሚሳለው ክፉው ነው፤ በዚያ ያደገ ተመልካች ልብ ይላል።

ኤ3 ወረቀት (በካሬ ሜትር 160 ግራም ወይም ከዚያ በላይ)፣ ኤችቢ (መካከለኛ)፣ 2ቢ (ለስላሳ) እና 6ቢ (በጣም ለስላሳና ጥቁር) እርሳስ፣ እንደ ሊጥ የሚለወስ ላጲስ ይበቃል። የፎቶኮፒ ወረቀት ጥላ ሲደራረብበት ይላጣል።

ጭንቅላቱን በኤችቢ፣ ሳትጫኑ፣ ቁመቱን 16 ሴንቲ ሜትር አድርጉት። የዓይን መስመር 8ኛው ሴንቲ ሜትር ላይ ይውላል። ጀማሪ እዚህ ይስታል፤ ቁመቱን ከነጠላው ጫፍ ይለካና ዓይንን ወደ ላይ ይሰቅላል። የሚለካው ነጠላው ሥር ካለው አናት ነው። የአፍንጫ ሥር በቅንድብና በአገጭ መካከል ይሆናል፤ ጥርሳቸው ካለቀ ግን አገጭ ወደ ላይ ስለሚቀርብ ቀመሩን ትታችሁ ዓይናችሁን እመኑ።

ነጠላው ነጭ ስለሆነ ፊቱ ካለው በላይ ጠቁሮ ይታያል። በ2ቢ በስሱ ደራርቡ፤ ግንባር፣ ጉንጭና የአፍንጫ ጫፍ ላይ ብርሃን አስቀሩ። 6ቢ ለዓይን ብሌን፣ ለአፍንጫ ቀዳዳና ለከንፈር መጋጠሚያ ብቻ ነው፤ ሰፊ ቦታ ላይ ከተጫናችሁት ያብለጨልጫል። መጨማደድን በመስመር አትሳሉ። በአንድ ጠርዙ የጠቆረ፣ በሌላው የሚሟሽሽ ጥላ ነው። ጥርስን አንድ በአንድ መክበብም ፊትን ያስፈራል። የእነዚህ ሰዎች ፈገግታ ያለው የታችኛው የዓይን ቆብ ላይ ነው፤ እሱን በጥቂቱ፣ የአፍን ጠርዝ በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ አድርጉ።

እጅን አትዝለሉ፤ ከአገጭ እስከ ግንባር መካከል ያህል ይረዝማል። ስኒውን የያዘው እጅ፣ እኛ እንደምናየው፣ ከፊቱ እኩል ይናገራል።

እርሳሱ እንዳይፋቅ የሚያጸናውን ስፕሬይ (ፊክሳቲቭ) ከመርጨታችሁ በፊት ለቤተሰብ ከ3 ሜትር አሳዩና «ያምራል?» ሳይሆን «ማን ናቸው?» በሉ። መልሱ ከዘገየ መጀመሪያ የዓይኖቹን ርቀት ለኩ። ከዚያ ደጅ ወጥታችሁ ከ30 ሴንቲ ሜትር ሁለት ጊዜ በስሱ ርጩ። ፍሬም ሲገባ መስታወቱ እርሳሱን እንዳይነካ ዙሪያውን ካርቶን ይደረግለት።