ሊስት ሲከብዳችሁ፦ ፒያኖው ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሃንጋሪ ፒያኒስትና የሙዚቃ ደራሲ የፍራንዝ ሊስትን ሥራ ይዞ እኔ ዘንድ የሚመጣ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ጣቱን ይከሳል። «ጣቴ ዘገምተኛ ነው፣ ጣቴ አጭር ነው፣ ጣቴ አልታዘዝ አለኝ» ይላል። አብረን ስንፈትሸው ግን ጥፋቱ የሚገኘው ሌላ ቦታ ነው፤ የሥራው ምርጫ ላይ፣ እግር ላይ፣ የእጅ አንጓ ላይ፣ አንዳንዴም ፒያኖው ራሱ ላይ። ስለዚህ ከምልክቱ እየጀመርን ወደ መንስኤው እንውረድ።

«አንድ ገጽ እንኳ ሳልዘልቅ ተውኩት»

መንስኤው በተሳሳተው በር መግባት ነው። እኔም በጀማሪነቴ ከከባድ ሥራዎቹ አንዱን «ላ ካምፓኔላ»ን (ትንሿ ደወል) አትሜ ሁለት ወር ከመጀመሪያው ገጽ ጋር ተናንቄአለሁ፤ ያተረፍኩት የተቆጣ ክንድ ብቻ ነው። ሊስት ከባድ ነገር ብቻ የጻፈ ይመስለናል እንጂ ብዙ ቀላል በር ትቶልናል። ሁለትና ሦስት ዓመት የተማረ ሰው በ1850 ከታተሙት ስድስት «ኮንሶላሲዮን»ዎች (መጽናኛዎች) የመጀመሪያውን ይያዝ፤ አጭርና ዝግ ያለ ነው። ለልጅ ልጁ ለዳንኤላ መታሰቢያ ያደረገው «የገና ዛፍ» የተሰኘው የ12 ቁራጮች ስብስብም ውስጡ ለጀማሪ የሚሆኑ አሉት። መካከለኛ ደረጃ የደረሰ ሦስተኛውን ኮንሶላሲዮን፣ ወይም «በዋለንሽታት ሐይቅ ዳር» የሚለውን ይሞክር። በዚህኛው ግራ እጅ አንድ ዓይነት የማዕበል ቅርጽ እየደጋገመ ስለሚሄድ አንዴ ከተያዘ ብዙ አያስቸግርም። «ኡን ሶስፒሮ» እና ሁለተኛው የሃንጋሪ ራፕሶዲ ከዚያ በኋላ ይምጡ። በ1853 የተጠናቀቀው የሲ ሚኖር ሶናታ ሳይቋረጥ ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ነው፤ እሱን ለጊዜው በጆሮ ብቻ እንማረው።

«ያወረድኩት ኖታ ከምሰማው ቅጂ ጋር አይገጥምም»

ይህ ቀላል ነው። ሊስት አንድን ሥራ ደጋግሞ የመጻፍ አመል ነበረው። ከቫዮሊን ተጫዋቹ ፓጋኒኒ የወሰዳቸውን ኤቱዶች (የልምምድ ሥራዎች፤ «ላ ካምፓኔላ» አንዱ ነው) በ1838 አውጥቶ በ1851 እንደገና ጻፋቸው፤ ዛሬ ኮንሰርት ላይ የምንሰማው የኋለኛውን ነው። 12ቱ የትራንሴንደንታል ኤቱዶች ደግሞ ሦስት ዕድሜ አላቸው፦ 1826፣ 1837 እና 1851። የመሃለኛው እጅግ የከበደ ስለነበር በመጨረሻው አቅልሎታል። ኖታ ስትፈልጉ ከርዕሱ ይልቅ የካታሎግ ቁጥሩን (በሊስት ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ «ኤስ» ብሎ የሚጀምረውን) እዩ፤ የፓጋኒኒዎቹ የመጨረሻ ቅጂ ኤስ 141፣ የትራንሴንደንታሎቹ ኤስ 139 ነው። ኤስ 140ን ወይም ኤስ 137ን አትማችሁ ከሆነ ሳታውቁት የባሰውን መርጣችኋል።

«ሁሉንም ኖታ እየተጫወትኩ ዜማው አይሰማም»

ከሁሉም በላይ የምሰማው ቅሬታ ይህ ነው፤ በተለይ ሦስተኛው «ሊበስትራውም» (የፍቅር ህልም) ላይ። መጀመሪያው ላይ ዜማው ያለው ከላይ አይደለም። በሁለቱ እጆች መሀል ተቀምጧል፤ በአብዛኛው አውራ ጣቶች ናቸው የሚቀባበሉት። በዙሪያው የሚንቆረቆረው አርፔጆ (አንድ ላይ ሳይሆን ተራ በተራ የሚመቱ የኮርድ ኖታዎች) አጃቢ ነው። እኛ ግን ዜማን ከትንሿ ጣት መጠበቅ ስለለመድን ሁሉንም እኩል እንጫናለን፣ ሚዜው ሙሽራውን ይጋርደዋል።

አንድ ቀን አንዲት ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ባሮች ስትጫወት ኖታውን ዘጋሁና «ዜማውን ብቻ በጠቋሚ ጣትሽ ንኪልኝ» አልኳት። ከሚ ፍላት ተነስታ ዶው ላይ ስትደርስ ቆመች። ሁለት ወር የተለማመደችውን ዜማ ለብቻው አታውቀውም ነበር! ለዚህ ነው እንዲህ የማስለምደው፦ መጀመሪያ ዜማውን በአንድ ጣት እየተጫወታችሁ አንጎራጉሩት። ሥራው መጀመሪያ የድምፅ ዘፈን ስለነበር ትንፋሽ የምትወስዱበት ቦታ ራሱ ይነግራችኋል። ቀጥሎ ባሱን ጨምሩበት። ሦስተኛው ደረጃ ያስቃል፣ ግን ይሠራል፦ ዜማውን በድምፅ ተጫወቱ፣ አጃቢውን ኖታ ግን ቁልፉን ሳትጫኑ ከላይ ብቻ ነካ ነካ አድርጉት። እጃችሁ ከባዱንና ቀላሉን ክብደት የሚለየው እዚህ ጋ ነው። በመጨረሻ አጃቢው ድምፅ እንዲያወጣ ፍቀዱለት፤ ጣቶቹ ግን ከቁልፉ አይራቁ።

በትንንሽ ኖታ የታተሙት ሁለቱ ካዴንዛዎች (ያለ ቋሚ ምት በነፃነት የሚጫወቱ ክፍሎች) ላይ ሜትሮኖሙን አጥፉ። እነሱን መቁጠር ትርፉ ድካም ነው።

«ሁለቱ እጆቼ ይጣላሉ፤ ድምፁም ይድበሰበሳል»

ሦስተኛው ኮንሶላሲዮን ላይ እነዚህ ሁለት ችግሮች አብረው ይመጣሉ፣ መንስኤያቸው ግን ለየቅል ነው።

ግራ እጅ ሦስት ሦስት እያለ ይሄዳል፣ ቀኝ እጅ ደግሞ በየቦታው ሁለት ሁለት ያወጣል። ይህን በሒሳብ አስቦ መጫወት አይቻልም። ጭናችሁ ላይ እስከ ስድስት ቁጠሩ፦ አንድ ላይ ሁለቱም እጆች፣ ሦስት ላይ ግራ፣ አራት ላይ ቀኝ፣ አምስት ላይ ግራ። በችክችካ ያደገ ጆሮ ለስድስቱ ምት እንግዳ ስላልሆነ ከጠበቃችሁት በላይ ቶሎ ይያዛችኋል።

የሚድበሰበሰው በፔዳሉ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው እጁ ሲመታ እግሩም አብሮ ይረግጣል፤ የአሮጌው ኮርድ ጭራ ከአዲሱ ጋር ይያዛል። እጅ ሲመታ እግር ይነሳ፣ ወዲያው ደግሞ ይውረድ። በዚህ ሥራ ላይ ግን ተጨማሪ ፈተና አለ፦ ከታች ያለው ሬ ፍላት ባሮችን አልፎ እንዲዘልቅ ይፈለጋል፣ ከላይ ያለው ኮርድ ደግሞ ይቀያየራል። ሊስት ራሱም ነገሩን ያውቀው ነበር። በ1883 ለስታይንዌይ ኩባንያ በጻፈው ደብዳቤ የመሃለኛው ፔዳል (ሲረገጥ ተይዘው የነበሩትን ኖታዎች ብቻ የሚያቆየው) እንዴት እንደሚያገለግል ለማሳየት የዚህኑ ሥራ መግቢያ አያይዞ ልኳል። መሃለኛ ፔዳል ከሌላችሁ የቀኙን ሙሉ በሙሉ ሳትለቁ ግማሽ ድረስ ብቻ አንሱት። ከርካሽ ኪቦርድ ጋር የሚመጣው ፔዳል ግን እንደ መብራት ማብሪያ ማጥፊያ ነው፣ ግማሽ የሚባል አያውቅም፤ በእሱ ባሱን ከማዳን ድምፁን ማጥራት ይሻላል።

«ዝላዩ ላይ ሁሌ እስታለሁ»

ከመዝለላችሁ በፊት ኪቦርዳችሁን ቁጠሩ። የ61 ቁልፍ ኪቦርድ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል የሚያልቀው ዶ ላይ ነው። የ«ላ ካምፓኔላ» ደወል፣ ያ ከላይ የሚደጋገመው ሬ ሻርፕ፣ ከዚያ ሦስት ቁልፍ አልፎ ነው ያለው። ለዚህ መፍትሄው 88 ቁልፍ ብቻ ነው።

ሙሉ ፒያኖ ካላችሁ ደግሞ መንስኤው ዘግይቶ መነሳት ነው። እጅ የታችኛውን ኖታ ከመታ በኋላ እዚያው ይዘገያል፣ ከዚያ ሲደነግጥ ይወረወራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። መትታችሁ ወዲያው ሂዱ፣ የላይኛው ቁልፍ ላይ ሳትጫኑ እረፉ፣ በዓይናችሁ አረጋግጡ፣ ከዚያ ምቱ። እጅ ከፍ ብሎ አይብረር፤ ቁልፎቹን ታክኮ ይሂድ። አሥር ጊዜ ሳትስቱ እስክትደርሱ ፍጥነት የሚባል ነገር አይነሳ።

እዚያው ሥራ ላይ አንድ ኖታ በፍጥነት ሲደጋገም አንዳንዱ ድምፅ የሚጠፋባችሁም ትኖራላችሁ። ቋሚ ፒያኖ ከሆነ ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም። የፒያኖ ሠሪው ኤራር በ1821 ባለቤትነቱን ያስመዘገበው የድርብ ማምለጫ ስልት ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ እንደገና እንዲመታ ያደርጋል፤ ይህ በግራንድ ፒያኖ ላይ እንጂ በተለመደው ቋሚ ፒያኖ ላይ የለም። ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ጣት እየቀያየራችሁ ቁልፉ እስኪነሳ ጊዜ ስጡት።

«ኦክታቭ ላይ ክንዴ ይቃጠላል»

አንጓው ደርቋል ማለት ነው፤ አውራ ጣትና ትንሿ ጣት አንድን ኖታ ከታችና ከላይ አብረው ለመምታት (ኦክታቭ ማለት ይህ ነው) ተወጥረው በመሀል እረፍት የለም። በስድስተኛው የሃንጋሪ ራፕሶዲ መጨረሻ ያለው የኦክታቭ ሰልፍ ለዚህ የታወቀ ነው። አውራ ጣትን ብቻ ተጫወቱ፣ ከዚያ አራት አራት ኦክታቭ እያላችሁ ክንዳችሁን ጣሉና እረፉ። «ሲቃጠል ነው የሚጠነክረው» የሚሏችሁን አትስሙ። ማደንዘዝ ወይም ከልምምድ በኋላ የማይለቅ ሕመም ካለ ፒያኖውን ዘግታችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

እጁ የማይደርስለት ሰው ኮርዱን ከታች ወደ ላይ በትኖ ይጫወት፣ ባሱንም በፔዳል ይያዝ። ሊስት ራሱ በብዙ ቦታ ከዋናው መስመር በላይ አማራጭ መስመር አሳትሟል፤ «ኦሲያ» የሚለውን ቃል ፈልጉ። አማራጩን መውሰድ ማጭበርበር አይደለም።

«ትክክል እየተጫወትኩ ስህተት ይመስላል»

በ1881 የጻፈው «ኑዋዥ ግሪ» (ግራጫ ደመናዎች) 48 ባር ብቻ ነው፣ ለጣትም አይከብድም። ተማሪዎቼ ግን ኖታው ተሳስቷል ብለው ይመጡብኛል። አልተሳሰተም። በዕድሜው ማምሻ ሊስት ሙዚቃን ወደ ቤቱ፣ ማለትም ወደ መነሻው ኮርድ፣ የሚመልሰውን የተለመደ መንገድ ትቶ ነበር። እዚህ ጋ የሚበላሸው በፍጥነት ነው፤ ጆሮ ስለማይመቸው እጅ ሊሸሽ ይሮጣል። ዝምታዎቹን ልክ እንደ ኖታ ቁጠሩ። መጨረሻው ላይ ቀኝ እጅ በግማሽ ድምፅ እየረገጠ ወደ ላይ ይወጣና ሳይፈታ ይቀራል። አንድ ተማሪዬ አላስችል ብሎት ሶል ሚኖር ኮርድ ጨምሮ ዘጋው! እናንተ አትዝጉት፤ ቁልፉን እንደያዛችሁ ድምፁ ራሱ እስኪጠፋ ቆዩ።