ፒፕ ከመክፈትዎ በፊት፦ የሱቅ ሂሳብ በፓይተን መደበኛ ላይብረሪ

ደሴ ፒያሳ ላለ የጨርቅ ሱቅ የዕለት ሽያጭ የሚደምር ፕሮግራም ለመጻፍ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ከፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ጋር አብሮ የሚጫነው መደበኛ ላይብረሪ (የዝግጁ ኮዶች ስብስብ) ይበቃል። ተጨማሪ ኮዶችን ከኢንተርኔት አውርዶ የሚጭነው ፒፕ ለዚህ አያስፈልግም።

የሽያጭ መዝገቡን፣ ማለትም ዓምዶቹ በኮማ የተለዩበትን የጽሑፍ ፋይል፣ «ሲኤስቪ» (csv) በሚባለው የላይብረሪው ክፍል (ሞጁል) ያንብቡ። ከኤክሴል የወጣ ከሆነ ኢንኮዲንጉን (ፊደላቱ በፋይሉ የተቀመጡበትን ስልት) «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» (utf-8-sig) ያድርጉት፤ አለዚያ የመጀመሪያው ዓምድ ስም ላይ የማይታይ ምልክት ይለጠፍና ዓይንዎ እያየው «ቀን» የሚባል ዓምድ የለም ይልዎታል። ሞጁሉ ሁሉንም እንደ ጽሑፍ ነው የሚያነበው፦ 12.50 እና 7.50 ሲደመሩ 12.507.50 ይወጣል። ስለዚህ ዋጋውን የአስርዮሽ ቁጥርን በትክክል ወደሚይዘው «ዴሲማል» (Decimal) ይቀይሩ፣ ያውም ከጽሑፉ በቀጥታ። የአስርዮሽ ቁጥርን በግምት በሚይዘው በ«ፍሎት» (float) በኩል ካለፈ 0.1 እና 0.2 ተደምረው 0.30000000000000004 የሚሆኑበት ጣጣ ይከተላል። የራስዎን ፋይል ደግሞ በሞጁሉ ስም አይሰይሙ፤ ፓይተን የእርስዎን አንስቶ ዋናውን ይተወዋል።

ትልቁ ወጥመድ ቀኑ ነው። የቀንና የሰዓት ሞጁሉ «ዴትታይም» (datetime) የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው። ጥቅምት 30ን 2017፣ 2፣ 30 ብለው ቢሰጡት ፌብሩዋሪ መስሎት ስህተት ነው ይላል፤ ጳጉሜንማ ጭራሽ፣ 13ኛ ወር አያውቅም። የሚብሰው ግን መስከረም 5ን ጃንዋሪ 5 አድርጎ ዝም ብሎ መቀበሉ ነው። ፋይሉ ላይ የፈረንጁን ቀን ያስቀምጡ። ወደ እኛው የሚቀይር ነገር በመደበኛው ላይብረሪ ውስጥ ስለሌለ ፒፕ የሚያስፈልግዎ እዚህ ላይ ነው።