ለጥምቀት የሚሆን ሠራተኛ የሚቀጠረው በሐምሌ ነው

ባሕር ዳር ውስጥ ሆቴል ወይም ሎጅ ካላችሁ ይሄ ለእናንተ ነው። የሰው ሀብት ክፍላችሁ ፈቃድ ሲሞላና ደመወዝ ሲያሰላ ብቻ የሚውል ከሆነ ገንዘብ እየፈሰሰባችሁ ነው።

ጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል ስሠራ አዲሶቹ ክፍሎች ተገንብተው አለቁ፣ አልጋው ተነጠፈ፣ ለጥምቀትም ሙሉ በሙሉ ተያዘ፤ ሰው መቅጠር ትዝ ያለን ግን በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። እንግዳው ምግብ እስኪደርስለት ከሰዓት በላይ ጠበቀ። አዲሶቹ ልጆች እያለቀሱ ሠሩ። ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም።

ስለዚህ የሰው ሀብት ኃላፊዋ ዕቅድና በጀት ሲወጣ አብራ ትቀመጥ። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ «ስድስት አስተናጋጅ ፈልጊ» ቢሏት ከየት ታመጣለች?

ቀጥሎ ከበዓሉ ወደ ኋላ ቁጠሩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ሰው 10 ሳምንት ገደማ ነው። ሐምሌ 1 የገባ ልጅ የመስከረም መጀመሪያ ላይ ይጨርሳል፣ ክረምት ደግሞ ሥራው ቀዝቀዝ ስለሚል ረጋ ብሎ ለማሠልጠን ይመቻል፤ መስቀል ሲደርስ ማን እንደሚቆይ ለይታችኋል። «እንግዳ በሌለበት ለምን ደመወዝ እከፍላለሁ?» የሚል ባለቤት ብዙ ነው። ይገባኛል። ግን በጥር የተበሳጨ እንግዳ ተመልሶ አይመጣም።

ማን ሲቀር ሥራ እንደሚቆምም ለዩ። የዓሣውን አሠራር የምታውቅበት አንዲት ሴት ብቻ ከሆነች፣ ዛሬውኑ ከጎኗ ሌላ ሰው ይቁም።

ሰው ሲለቅ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩት። እኛ ጋ ልጆቹ የሚለቁት ለደመወዝ ይመስለን ነበር። ስንጠይቃቸው ችግሩ ማታ ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ወደ ቤት የሚወስዳቸው ባጃጅ አያገኙም፣ ሴቶቹ ይፈራሉ። ሰርቪስ ሲመደብላቸው ብዙዎቹ ቆዩ። ይሄን ከፋይል ውስጥ አታገኙትም።

በጀቱ ላይ ከደመወዙ ሌላ የአሠሪውን 11 በመቶ ጡረታ ጨምሩ፤ በሕዝብ በዓል ቀን የሚሠራ ትርፍ ሰዓትም በ2.5 ተባዝቶ እንደሚከፈል አስቡ። የጥምቀት ሰሞን ሒሳብ የሚያናጋው እሱ ነው።

የቅጥር ማስታወቂያው ከሰኔ አጋማሽ አይለፍ።