«ደውዬልህ ነበር» ሲባል ሃድ ይገባል? የፓስት ፐርፌክት ችግሮችና መፍትሔያቸው

ፓስት ፐርፌክት፣ ማለትም በእንግሊዝኛ ካለፈ ነገር በፊት የሆነውን የምንናገርበት የግስ ቅርጽ፣ አሠራሩ አያስቸግርም። መጀመሪያ ሃድ፣ ቀጥሎ ፓስት ፓርቲሲፕል የሚባለው የግሱ ሦስተኛ ቅርጽ። አይ ሃድ ኢተን፣ ሺ ሃድ ጎን፣ ዴይ ሃድ ሲን። ሃድ ለማንም አይለወጥም። የሚያስቸግረው መቼ እንደሚገባ ነው።

ሃድ ያለቦታው ሲገባ

ለሥራ ባልደረባችሁ «አይ ሃድ ኮልድ ዩ የስተርዴይ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። አንባቢው ቀጣዩን ይጠብቃል፤ ከዚያስ ምን ሆነ?

ምክንያቱ የእኛው «ነበር» ነው። «ትናንት ደውዬልህ ነበር» ስንል ሌላ ነገር አንጨምርም። ስልኩን አለማንሳቱም ውስጡ አለ። ሰምቶ የሚጎድለው ነገር ያለ የሚመስለው ሰው የለም። ሃድ ግን እንዲህ ብቻውን አይቆምም። ከእሱ በኋላ የሆነ፣ ግን ያለፈ ሌላ ነገር ይፈልጋል።

መፍትሔው አንድ ጥያቄ ነው፦ ከምን በፊት? መልስ ከሌላችሁ ሲምፕል ፓስት፣ ማለትም ያለ ሃድ የሚነገረው ተራው ያለፈ ጊዜ፣ ይበቃል፦ አይ ኮልድ ዩ የስተርዴይ። መልስ ካላችሁ ሃድ ይግባ፦ ባይ ዘ ታይም ሂ ቴክስትድ ሚ፣ አይ ሃድ ኮልድ ሂም ትዋይስ። እሱ ቴክስት ሳያደርግልኝ በፊት ሁለቴ ደውያለሁ ማለት ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ጥያቄ ያዙ።

ሃድ ሲቀር

«ዌን ዊ አራይቭድ፣ ዘ ባስ ለፍት።» በዚህ አባባል ስንደርስ አውቶቡሱ ዓይናችን እያየ ተነሳ። ልትሉ የፈለጋችሁት መናኸሪያው ባዶ ሆኖ ጠበቀን ከሆነ፣ ዘ ባስ ሃድ ለፍት ነው።

ከተምታታባችሁ በአማርኛ ሞክሩት። «ስንደርስ ሄደ» ከሆነ ለፍት። «ስንደርስ ሄዷል» ወይም «ሄዶ ነበር» ከሆነ ሃድ ለፍት። ቢፎር ወይም አፍተር ካለ ግን ቅደም ተከተሉን ቃሉ ራሱ ስለሚናገር ብዙ ጊዜ ሃድ ቢቀርም ችግር የለውም።

ሃድ ዌንት፣ ሃድ ሶ፣ ሃድ ኤት

ሦስቱም ስህተት ናቸው፤ የግሱ ሁለተኛ ቅርጽ በሦስተኛው ቦታ ገብቷል። ጎ፣ ዌንት፣ ጎን እያላችሁ ሦስቱን አንድ ላይ ጮክ ብላችሁ አጥኑ። ሃድ ሃድ ካያችሁ ደግሞ የትየባ ስህተት አይምሰላችሁ። «ሺ ሃድ ሃድ ብሬክፋስት» ትክክል ነው፤ ሁለተኛው ሃድ ዋናው ግስ ነው።

«ኢፍ ሺ ዉድ ሃቭ ስተዲድ»

ይህን ስህተት የተማረ ሰውም ይሠራዋል። «ብታጠና ኖሮ ታልፍ ነበር» የሚለውን ልብ በሉ። «ኖሮ» ያለበት ጋ ሃድ፣ «ነበር» ያለበት ጋ ዉድ ሃቭ ይገባል፦ ኢፍ ሺ ሃድ ስተዲድ፣ ሺ ዉድ ሃቭ ፓስድ።